አላርሙና የፍየሉ ቃጭል

አቶ እሺ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። የቤት አላርም በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ቴክኒሻን ነው፤ መሰላልና መሰርሰሪያ ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ፣ አላርሙን ለማብራትና ለማጥፋት ቁጥር የሚጫኑበትን ሰሌዳ ከመግቢያው በር ጎን ይገጥማል። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። እምቢ ማለት ግን አያውቅም። ሻይ ሲያቀርቡለት ሆዱ እስኪነፋ ይጠጣል። ገጥሞ የጨረሰውን ሰሌዳ «ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን» ካሉት ነቅሎ ወደ ግራ ያደርገዋል፤ በማግስቱ «ቀድሞ ይሻል ነበር» ብለው ሲደውሉለት መሰላሉን ተሸክሞ ይመለሳል። አባቱ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያሉ ነበር ያሳደጉት። አባቱ ግን አላርም አይገጥሙም ነበር።

ችግሩ የጀመረው ድርጅቱ አዲስ ሰሌዳ ሲያወጣ ነው። አሮጌው የላስቲክ ቁልፎችና የሚከደን ክዳን ነበሩት፤ በሩ በተከፈተ ቁጥርም «ዲንግ» ይል ነበር። አዲሱ አንድ ጥቁር መስተዋት ነው። ካልነኩት ቁጥሮቹ እንኳ አይታዩም፤ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ድምፅ ሳያሰማ ወደ ስልክ ይልካል። ከካርቶኑ ውስጥ በሚወጣው ወረቀት ላይ «ማንም የማይጠቀምባቸውን ነገሮች አንስተናል» የሚል ተጽፏል። ማንም እንደማይጠቀምባቸው ያረጋገጠችው የምርት ኃላፊዋ ናት። አሮጌውን ሰሌዳ ቤቷ ሰቅላ ሞክራው ነበር፤ ክዳኑንም አልከደነችም፣ ዲንግታውንም አልፈለገችም። የምትኖረው ብቻዋን ነው፤ በሩን ከእሷ በቀር የሚከፍተው የለም።

መጀመሪያ የደወለችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ከቤቷ ጓዳ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትሠራለች፤ ደንበኛ መግባቱን የምታውቀው በዚያች ዲንግታ ነበር። አዲሱ በተገጠመ ሰሞን እየሰፋች ለእህቷ በስልክ ስለ አንዲት ሙሽራ ወገብ ታወራ ነበር። «መቀነስ የሚያስፈልገው ቀሚሱን ሳይሆን ልጅቷን ነው» ብላ እየሳቀች መርፌ ልታነሳ ዞር ስትል ሙሽራዋ እናቷን አስከትላ ቆማለች። መልእክቱ በእርግጥ ስልኳ ላይ ገብቷል፤ ስልኩ ግን ጆሮዋ ላይ ነበር። ሙሽራዋ ጨርቋን አጣጥፋ ሄደች። ልብስ ሰፊዋም ለአቶ እሺ ደውላ ዲንግታዋን እንዲመልስላት፣ ካልመለሰ ሰሌዳውን በመቀስ እንደምትነቅለው ነገረችው።

የሚገባው መልስ አንድ ነበር፦ ድምፁ ተነስቷል፣ ቅሬታ ካለሽ ለቢሮ ተናገሪ። አቶ እሺ «እሺ» አላት። በመንገዱ ላይ ካለ የብረታ ብረት ሱቅ ገብቶ፣ ቆርቆሮና ሰንሰለት መሃል ተንጠልጥሎ ያገኘውን የፍየል ቃጭል ገዛና በበሩ አናት ላይ በቀይ ክር አሰረላት። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ከሰሌዳው ጋር ካርቶን ውስጥ የመጣ ዕቃ ነው፣ ረስቼው ነው አላት። ቃጭሉ ትንሽ ፍየል ፍየል ይሸት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን በሩን ከፈት ዘጋ አድርጋ ሰማችውና ከበፊቱ ይሻላል አለች።

ቀጥለው ጡረታ የወጡት ዳኛ ተቆጡ። ዳኛው ጠዋት ለእግር ጉዞ ሲወጡ አላርሙን ያበሩና የሰሌዳውን ክዳን «ጧ» አድርገው ይዘጉ ነበር፤ በሥራ ዘመናቸው መዝገብ የሚዘጉት እንደዚያ ነው። ጧ ካለ በኋላ ወደ ኋላ አያዩም። አሁን የሚዘጋ ነገር የለም። የግቢው በር ጋ ይደርሱና ማብራታቸውን ይጠራጠራሉ፤ ተመልሰው መስተዋቱን ሲነኩ ቁጥር ይጠይቃቸዋል፤ ቁጥሩን ሲያስገቡ የበራው ይጠፋል። እንደገና ያበሩና ይወጣሉ፤ የግቢው በር ጋ ሲደርሱ የመጨረሻው ንክኪ ያበራው ይሁን ያጠፋው ይጠፋባቸዋል። ጎረቤት «ዳኛው የራሳቸውን ቤት ዘበኛ ሆኑ» እያለ ያማቸው ጀመር። አቶ እሺ ዓሣ የተሳለበት ሮዝ የሳሙና ማስቀመጫ ክዳን በማጠፊያ አድርጎ ከመስተዋቱ በላይ ገጠመላቸው። ይሄም ከካርቶኑ የመጣ ሆነ። ዳኛው አንዴ «ጧ» አደረጉት፤ ባርኔጣቸውን አነሱና ሄዱ።

ከሁሉ የከፋው አራት ወንዶች ልጆች ያሏት እናት ቤት ነበር። እዚያ ቤት ኮዱን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ የታወቀው አሮጌው ሰሌዳ ከተነሳ በኋላ ነው። ለዓመታት በእጅ ልማድ ሲጫኑ የኖሩት ላስቲካቸው የተላጠውን አራት ቁልፎች ነበር። የተላጡትን ሌባም ማየት እንደሚችል ለአንዳቸውም ትዝ ብሏቸው አያውቅም። አዲሱ መስተዋት ደግሞ አይላጥም። ሳይረኑ ሲጮህ ቤተሰቡ በሙሉ ደጅ ወጥቶ እርስ በርሱ ይካሰስ ጀመር። እናቲቱ አዲስ ኮድ ካስመዘገበች በኋላ የጥፍር ቀለሟን አምጥታ «ልጄ፣ በሞቴ፣ ምልክት አድርግልን» አለችው። ይህ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ መሆኑን አቶ እሺ ያውቃል። እሺ አለና በኮዱ አራት ቁጥሮች ላይ ቀይ ነጥብ አኖረ። ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋባቸውም የመጀመሪያውን ነጥብ አወፍሮ ቀጣዮቹን እያሳነሰ ሄደ።

ወደ ማታ ቢሮው እየደወለ ደንበኞች ስለ አዲሱ ሰሌዳ ምን እንዳሉ ይጠይቀዋል። ማስቀየም አይወድምና ደስ ብሏቸዋል ይላል። ውሸትም አልነበረም፤ እሱ ከወጣ በኋላ ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። በሌሎች ሰፈሮች ግን ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮሃል፤ ክዳኑ የት ሄደ፣ ድምፁ የት ሄደ የሚለው ሰው በዝቶ የስልክ ሠራተኞቹ ተራ በተራ ራሳቸውን አመማቸው። በስብሰባ ላይ ይህ ሲነሳ የምርት ኃላፊዋ አቶ እሺ የሚሠራበትን ሰፈር ጠቅሳ፣ ጥፋቱ የሰሌዳው ሳይሆን ማስረዳት የማይችሉ ቴክኒሻኖች ነው አለች። የቴክኒሻኖቹ አለቃ ጡረታ ሊወጣ ነበርና ቦታው ለአቶ እሺ ታሰበ። ከዚያ በፊት ግን ኃላፊዋ ደስተኞቹን ደንበኞች በዓይኗ ልታይ ፈለገች።

የሥራ ዕድገት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ከእጁ ወጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ ከእሱ በኋላ የተቀጠረ ሰው «ለእኔ ብትተውልኝ» ብሎት እሺ ብሏል። ሚስቱ ይህን አልረሳችም። ዘንድሮ ነገሩ ገና ሳይወሰን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ባሌ አለቃ ሆነ ብላ አዳርሳለች። በጉብኝቱ ዋዜማ አቶ እሺ ስለ ቃጭሉና ስለ ሳሙና ማስቀመጫው አንድ በአንድ ነገራት፤ በጠዋት ሄጄ ልንቀለው ወይስ እውነቱን ልናገር ብሎም አማከራት። ሸሚዙን እየተኮሰች እስኪጨርስ ሰማችው።

«ዕድሜ ልክህን ለሰው እሺ ስትል ኖረሃል» አለችው። «ነገ ሴትዮዋ የምትልህን ሁሉ እሺ በል። አንድ ቀን እንኳ ላንተ ይጥቀምህ።»

«እሺ» አላት።

ኃላፊዋ የልብስ ሰፊዋን በር ስትከፍት ቃጭሉ ግንባሯን ሊነካ ምንም አልቀረው። ልብስ ሰፊዋ ከጓዳ ብቅ አለች። ስለ አዲሱ ሰሌዳ ስትጠየቅ፣ መጀመሪያ ረግማው እንደነበር፣ አሁን ግን ለእህቷም እንድታስገጥም እንደነገረቻት አጫወተቻት።

«በተለይ ምኑን ወደድሽው?» አለች ኃላፊዋ።

«ይሄን ነዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወደ በሩ አናት በመቀሷ እየጠቆመች። «ካርቶኑ ውስጥ የመጣውን። ሽታው ብቻ ቢቀንስ ጥሩ ነበር።»

ኃላፊዋ ቃጭሉን አየች፤ ከዚያ አቶ እሺን አየች። አቶ እሺ የመሰላሉን ብሎን ያጠብቅ ጀመር። መሰላሉ ዛሬ ለምን እንደመጣ ማንም አልጠየቀውም። ኃላፊዋ ጠዋት ከቢሮ ስትወጣ ለዳይሬክተሩ «ያነሳነውን ነገር አንድም ሰው አልናፈቀውም» ብላው ነው የመጣችው።

«ሽታውን እናስተካክላለን» አለች።

ዳኛው ዘንድ ነገሩ ቶሎ አለቀ። ሮዙን ክዳን «ጧ» አድርገው አሳዩዋት፤ ሰው የሚሠራውን ነገር የሚያውቅ ድርጅት ማግኘት ዛሬ ብርቅ ነው ብለው አመሰገኗት። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ዓሣው የድርጅቱ ዓርማ እንደሆነ ጠየቁ። ኃላፊዋ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ገና እየታሰበበት ነው አለች።

የአራቱ ልጆች እናት ቤት ስትደርስ ግን መስተዋቱ ፊት ለፊት ቆማ ቀረች። ቀዮቹ ነጥቦች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ተራቸውን ጠብቀው ይታያሉ።

«ይሄ ኮዱ አይደለም?»

«ነው እንጂ» አለች እናቲቱ። «ሌላ ምን ይሆናል?»

ኃላፊዋ አቶ እሺን ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ፣ በቀሩት ቁጥሮች ላይም ዛሬውኑ ነጥብ እንዲቀባ አዘዘችው። በዚህ ዓይነት አሮጌው ሰሌዳ፣ ክዳኑም ድምፁም ቁልፉም፣ በኃላፊዋ ፈቃድ ተሟልቶ ተመለሰ። እናቲቱ ግን ትእዛዙን ሰምታ ኖሮ ቅር አላት። «ሁሉም ከተቀባ የእኛ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አለች።

ሲመለሱ መኪናውን የምትነዳው ኃላፊዋ ነበረች። አቶ እሺ መሰላሉን በመስኮት አውጥቶ በክንዱ ደግፎታል። ስለ ቃጭሉ የምትጠይቀው መስሎት፣ ስትጠይቀው ሁሉን ሊነግራት ቃላቱን መርጦ ጨርሶ ነበር። እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው።

«በሚቀጥለው ሞዴል ሳይረኑን ልናነሳው ነው» አለችው። «ጎረቤት ይረብሻል። መልእክቱ ስልካቸው ላይ ይገባል። የአንተ ደንበኞች ምን የሚሉ ይመስልሃል?»

ሳይረን የሌለው አላርም ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ቴክኒሻን መሆን አያስፈልግም። ሌባው ያለ ሁካታ ይገባል፣ ያለ ሁካታ ይወጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ መልእክቱን ሲመቸው ያነበዋል። አቶ እሺ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አይሆንም» ሊል ቃጣው። የልብስ ሰፊዋን የተከፈተ በር አሰበ። የተተኮሰውን ሸሚዝ አሰበ። አፉን ከፈተ።

«ሹመትህ ነገ ጠዋት ይለጠፋል» አለች ኃላፊዋ ከመንገዱ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

«እሺ» አለ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ ስልኳን አነሳችና፣ ቀድማ ለነገረቻቸው ዘመዶች ሁሉ አሁን ደግሞ እውነት መሆኑን ነገረቻቸው። እሱ ሸሚዙን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዲሱ አለቃ ወደ ብረታ ብረት ሱቁ ገባ። ባለሱቁ ዓመሉን ለምዶ ከጣሪያው ላይ ቃጭል ሊያወርድ እጁን ሰደደ።

«ቃጭል አይደለም» አለው አቶ እሺ። «ውሻ የሚሸጥ ሰው ታውቃለህ?»

ባለሱቁ ያውቅ ነበር። ምን ዓይነት ውሻ እንደሚፈልግ ጠየቀው።

አቶ እሺ ትንሽ አሰበ። «ድምፁ ወፈር ያለ» አለ። ወደ በሩ ሄደና ተመለሰ።

«ካርቶን ውስጥ የሚገባ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው።»