ሦስተኛው ሽቦ

በሰፈሩ «ሐኪሙ» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ሌላው እስኪለምድለት ድረስም በትዕግሥት ጠብቋል። የሱቅ ፍሪጅ ተበላሸ ብለው ሲጠሩት ጆሮውን ጎኑ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ባለሱቆቹም ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር አለው፤ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። «እሱ ጆሮ ለሌለው ሰው የተሠራ ነው» ይላል።

ሌላም የሚንቀው ነገር አለ፤ አረንጓዴና ቢጫ የለበሰው፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ። «አንዱ ሽቦ ያመጣል፣ አንዱ ይመልሳል። ይሄኛው መሐላቸው የሚገባው ሽማግሌ ነው እንዴ?» ብሎ ባለሱቁን ያስቀውና ሽቦውን ከገመዱ ውስጥ መዥረጥ አድርጎ ያወጣዋል። ፍሪጁንም በሁለት ሽቦ ብቻ ያስነሳዋል። ያወጣውን ግን አይጥልም፤ ቆጣቢ ሰው ነው። ጫፍ ለጫፍ እየቋጠረ ለሚስቱ የልብስ ማስጫ ሠርቶላታል።

ወተት ቤት ላላት ታላቅ እህቱ ትልቁን ባለመስታወት ፍሪጅ፣ እንደ ልማዱ በሁለት ሽቦ፣ የገጠመላት እሱ ነው። ከጊዜ በኋላ ፍሪጁ መንዘር ጀመረ። ስትነግረው መጀመሪያ «እጅሽ እርጥብ ሆኖ ነው፣ እትዬ» አላት። ቀጥሎ ነጠላ ጫማዋን ወቀሰ። በመጨረሻም «ትለምጂዋለሽ» ብሎ ተገላገለ። እሷም ለመደችው፤ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልላ ትከፍት ጀመር። ሰው ስንቱን ይለምዳል!

አንድ ጠዋት ወለሉን አጥባ ሳይደርቅ፣ ባዶ እግሯን እንደቆመች፣ ጨርቁ ተንሸራተተና እጇ ብረቱን ጨበጠ። መልቀቅ አቃታት። የዳነችው ስትወድቅ የገዛ ክብደቷ እጇን ስላላቀቀው ብቻ ነው። ሐኪሙ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ፤ እንደ ልማዱም ጆሮውን ሊለጥፍ ተጠጋ።

«ቆይ» አለችው፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች። «መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ።»

«ምን?»

«ያንን ወፍራም ጎማህን አውልቅና ውሃው ላይ ቆመህ በሩን ክፈትልኝ። ምንም የለውም ብለኸኝ የለ?»

ሐኪሙ ጫማውን አየ፤ ወለሉን አየ። ከእናታቸው ሞት ወዲህ አዝላ ያሳደገችውን እህቱን ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ፈራ፤ ከዚያም አፈረ።

«አልችልም፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ በየቀኑ ስከፍተው ነው የኖርኩት።»

ያን ጊዜ ቆጣሪውን አጠፋ፤ ስፒናውን ነቀለ፤ ሰው ልኮም ቴስተሩን አስመጣ። ከኮምፕረሰሩ አጠገብ ገመዱ ከቆርቆሮ ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ፕላስቲኩ ተልጧል፤ መዳቡም የፍሪጁን አካል ነክቷል። ያ የተመሰገነ ጆሮ ይህን አልሰማም። ገመዱን አውጥቶ ጣለውና ባለሦስት ሽቦ አዲስ ገመድ ዘረጋ፤ ከጠርዙም አርቆ አሰረው። ሦስተኛውን ሽቦ በአንድ ጫፉ ከፍሪጁ ብረት፣ በሌላው ከስፒናው የመሬት እግር ጋር አጥብቆ ገጠመ። ሶኬቱም መሬት እንዳለው በቴስተር አረጋገጠ። ኃይሉን ከመለሰ በኋላ የፍሪጁን አካል ለካ። ደግሞ ለካ። ከዚያ ማንም ሳያዝዘው ጫማውን አወለቀ።

በሩን ሲከፍት ዓይኑን ጨፍኗል፤ የዛሬው ግን የሐኪም አጨፋፈን አልነበረም። ምንም አልሆነም። ቀዝቃዛ አየር ፊቱን መታው።

እህቱ «ተባረክ» አላለችውም። «ሚስትህ ልብስ የምታሰጣበት ሽቦ ስንት ቁራጭ ነው?» ስትል ጠየቀችው።

ሐኪሙ በኩራት ሊመልስ ሲል እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ፍሪጅ እንደወጣ ታወሰው። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሥጋ ቤቱ። መድኃኒት ቤቱ። ጭማቂ ቤቱ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቀጥ አለ፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው የአይስክሬም ፍሪጅ ነው፣ ልጆች ተሻምተው የሚከፍቱት።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ተማሪዎች ለምሳ ሊለቀቁ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ሐኪሙ ጫማውን እዚያው ትቶ በባዶ እግሩ ሮጠ።