ኦይታ ደጃችን ቆሞ የተናገረው

ታማሚው ልጄ ሙሉጌታ ነው፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አስታማሚዎቹ ባለቤቴ አስናቀችና እኔ ነን። እኔ ደርግ በወደቀበት ዓመት ከወሎ ጂንካ የገባሁ የፍየል ነጋዴ ነኝ፤ ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ የቀረውን ራሴ እያነበብኩ ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። ሌላው ሰው ኦይታ ነው፤ የዲመካ ሐመር፣ የልጄ ቤል። ቤል ማለት ከብት ተሰጣጥቶ የተወዳጀ ሰው ነው። ሲቸግረው ደጅህ መጥቶ ይጠይቅሃል፤ ሲቸግርህ ደጁ ሄደህ ትጠይቀዋለህ። የመጨረሻዋ ሐኪሟ ናት፤ ዶክተር ሰላማዊት።

የመጀመሪያው ምልክት ማታ ማታ የሚመጣ ትኩሳት ነበር። ሙሉጌታ በበጋው ከኦይታ እረኞች ጋር ቆላ ወርዶ፣ ፍየል ሲመርጥ ሰንብቶ ከተመለሰ ወራት አልፈው ነበርና ሁለቱን ያገናኘ አልነበረም። ጠዋት ደህና ይሆናል። ማታ ይንቀጠቀጣል። አንድ ክሊኒክ ወባ ነው አለ። መድኃኒቱን ጨረሰ። ሌላው ታይፎይድ ነው አለ። ያንንም ጨረሰ። እንደገና ወባ ተባለ። ክንዱ ቀጠነ፣ ጉንጩ ገባ፣ ሆዱ ግን በግራ በኩል አበጠ። ከዚያ አፍንጫው ደማ። አልቆም አለ።

ያን ሰሞን እኔ አልዱባ ገበያ ውዬ ስመለስ አስናቀች እንዲህ አለችኝ።

«ያ የልጅህ ቤል መጥቶ ነበር። ሆዱን እየነካ ያሳየኛል። ራበኝ ማለቱ ነው ብዬ አበላሁት። በልቶም አልሄድ አለ።»

«ምን አለሽ?»

«እኔ ምን አውቄለት! መቼም ቤል የሚመጣው ሊጠይቅ ነው። ፍየሉን ፈልጎ ይሆናል። አባወራው የለም ብዬ በሩን ዘጋሁ።»

ልጄ ከውስጥ ተኝቶ ድምፁን ሰምቶታል። ከዚያ ሁሉ ንግግር የገባው የራሱ ስም ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት አብሮት ነግዷል፤ በጣትና በገበያ አማርኛ። እኔም ድካም ላይ ነበርኩና ነገሩን እንዳለች ተቀበልኳት።

ከሳምንት በኋላ ለሕክምናው የሚሆን ፍየል ልሸጥ ዲመካ ሄድኩ። ኦይታ ከሻጮቹ መሐል በርኮታው ላይ፣ ከእጁ በማትለየው ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ላይ፣ ተቀምጧል። ሰላምታዬን አልመለሰም። ሐመርኛ እችላለሁ፤ እዚያው ገበያ እየተሳቀብኝ የተማርኩት ነው። ቀና ብሎ አየኝና፣

«ልጅህ ገና አልሞተም?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ምን አልክ?»

«ቤትህ መጥቼ ተናግሬያለሁ። ሚስትህ እንደ ለማኝ አበላችኝ። አልቀበልም ማለት ነውር ነው፣ በላሁ። ደግሜ ተናገርኩ። በር ዘጋችብኝ። አንተ ቤት ጆሮ ያለው ሰው የለም እንዴ?»

ከዚያ ነገረኝ። ያን በጋ እረኞቹና ልጄ ነፋስ እንዲከልላቸው የምስጥ ኩይሳ ሥር ነበር የሚያድሩት። አብሯቸው የነበረው የወንድሙ ልጅ በዚሁ ዓይነት ትኩሳት ወደቀ፣ ሆዱ በግራ አበጠ። ሆስፒታል ወስደውት በሽታው ታወቀ፣ በመርፌ ዳነ። ሐኪሞቹ አብሮት ያደረ የታመመ ሰው ካለ ይምጣ ብለው አዘዙ። ኦይታ የሙሉጌታን መታመም ገበያ ላይ ሰምቶ ኖሮ፣ ያንን ሊነግረን ነበር ጂንካ ድረስ የመጣው። ሆዱን የነካው የልጄን ሕመም ሊያሳያት ነበር።

ፍየሎቹን ለማያውቁኝ ሰዎች በወረደ ዋጋ ሰጥቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ልጄን አንስቼ ሆስፒታል ገባሁ።

ዶክተር ሰላማዊት ሆዱን ዳሰሰች። ጣፊያው እምብርቱ ድረስ ወርዷል። ከጣቱ ደም ወስደው መረመሩ።

«ካላዛር ነው፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው» አለች። «ደሙ በጣም ወርዷል፤ ትንሽ ብትዘገዩ አይተርፍም ነበር። የት እንዳደረ እስከዛሬ የጠየቀው የለም?»

የለም። የነገረንን ሰው ግን በር ዘግተን መልሰናል።

ደም ተሰጠው። መርፌው በየቀኑ ነበር፤ ሁለት ዓይነት። ጭኑ ጠጠር ሆነ። ያስታውከዋል። አንድ ሌሊት አላወቀኝም። አስናቀች ግድግዳ ይዛ ቆመች። እኔ አላጽናናኋትም። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም።

ንዴቴን ሐኪሟ ላይ ልወጣ ሞከርኩ። በዚህ ዋርድ ውስጥ ሐመርኛ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ እንዴት አይኖርም አልኳት።

«አባባ፣ እኔ ዛሬ እዚህ ነኝ፣ ከርሞ ሌላ ቦታ እመደባለሁ። እዚህ ከሐመሩ ሌላ በናው፣ ጸማዩ፣ ዳሰነቹ፣ አሪው ይመጣል። የትኛውን ልማር?»

እውነቷን ነው። እሷ መንገደኛ ናት። እኛ ግን መንገደኞች አይደለንም። እዚህ ቤት ሠርተናል፣ እዚህ ነግደን በልተናል፣ ሙታናችንን እዚህ ቀብረናል። እድራችን ላይ ይህን ባነሳ «እነሱ አማርኛ ይማሩ እንጂ እኛ ምን በወጣን» ይሉኛል። ኦይታ እኮ አማርኛ ተምሯል፤ ፍየል የሚሸጥበትን ያህል። እኛ ከቋንቋው የፈለግነው ዋጋ መቁጠሪያውን ብቻ ስለሆነ እሱም ከቋንቋችን ያንኑ ብቻ ወሰደ። በዋጋ መቁጠሪያ ልጅህ ሊሞት ነው አይባልም።

ሙሉጌታ ትኩሳቱ ለቆት፣ ትራስ ተደግፎ ሾርባ መጠጣት ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለን ይኸው ነገር ተነሣና፣ ልጅ ሆኖ ሐመርኛ ተማር ስለው «አባዬ፣ እነሱ አማርኛ ይችሉ የለ?» ይለኝ እንደነበር አስታወስኩት።

«መጤው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት» አለኝ፣ እየሳቀ።

«እንግዲያስ የባሰው አንተ ነህ! እኔ የሰው አገር ቋንቋ ተማርኩ፤ አንተ የገዛ አገርህን አታውቅም።»

ሳቁን አቆመ። ልክ ነበርኩ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ሠላሳ ዓመት ጂንካ ኖሬ፣ በአሪ ምድር ላይ፣ ከአሪኛ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው።

ቀስ በቀስ ሥጋ ለበሰ፣ በዘንግ ተደግፎ እስከ በሩ፣ ኋላም ያለ ዘንግ እስከ ገበያው መሄድ ቻለ፤ ጣፊያውም ሐኪሟ እየዳሰሰች እንደነገረችን ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህን የምታነቡ አስታማሚዎች፣ ምክሬ አጭር ነው። ቆላ ከርሞ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የወባ መድኃኒት ካልመለሰው፣ በግራ ጎኑ ካበጠ፣ ካላዛር ይመርመርልን በሉ። ኩይሳ አጠገብ አትደሩ፣ ዝንቧ የምትደበቀው እዚያ ነው፤ ያለ አጎበርም አትተኙ። የማትሰሙትን ቋንቋ የሚናገር ሰው ደጃችሁ ቢቆም ደግሞ የሚሰማ ሰው እስክታገኙ አታሰናብቱት። ለዶክተር ሰላማዊትና ደም ለሰጡን ሰዎች ምስጋናዬ ብዙ ነው። ለኦይታ ግን ምስጋና አይበቃም። ወይፈን ወሰድኩለት፤ ተቀበለኝ፣ መረቀኝም። ቤታችን ግን አይገባም። ጂንካ ሲመጣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ስሜን ይጠራል። አስናቀች ግባ የሚለውን በሐመርኛ ተምራ ትለዋለች፤ ራሱን ነቅንቆ እዚያው ይቆማል።

ድምሩ እንግዲህ ይኸው። እኔን ፍየሎቼን አስከፈለኝ። አስናቀችን ለሕክምናው የሸጠችውን የአንገቷን ወርቅና የእንግዳ ተቀባይነት ስሟን። ኦይታን የቤል ቤት። ከመርፌዎቹ አንዱ ጆሮ ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሟ አስቀድማ ነግራን ነበር፤ የሙሉጌታ ግራ ጆሮ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ዛሬ ዲመካ ከኦይታ ጎን፣ በቀኝ ጆሮው በኩል ተጠግቶ፣ እንደ ሕፃን ቃል በቃል እየተቀበለ ሐመርኛ ይማራል። በሁለት ጆሮ ሊማረው ይችል የነበረውን።