የሕሩይ ድንክ ጋላክሲ

ሕሩይ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ ሲያነሳ የኖረ፣ የካ ሚካኤል ሰፈር ሁሉ የሚያውቀው ፎቶ አንሺ ነው። አምና የዓይን ሐኪሙ ማየትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ግላኮማ የሚባል በሽታ እንዳለበት ነገረው። «ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም» አለው። ሕሩይ ለሚስቱ ለነፃነት ስለ ጠብታው ብቻ ነገራት።

ሊዮ አንድ የሚባል ድንክ ጋላክሲ፣ ማለትም በጣም ሩቅ ያለ ትንሽ የከዋክብት ስብስብ፣ አለ። ከአንድ ደማቅ ኮከብ ጎን ስለሆነ በኮከቡ ብርሃን ተውጦ በቀላሉ አይታይም። ሕሩይ ዓይኑ ሳይከዳው እሱን በሠርግ ካሜራው ሊያነሳው ቆረጠ። ከተማ ውስጥ አይሞከርም፤ ሰማዩ ራሱ በመብራት ነጥቷል። ስለዚህ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ጋራው የከተማውን መብራት በሚከልልበት፣ ኦቦ በዳዳ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ውስጥ ካሜራውን ተከለ። ሥሩም ኮከቡን እየተከተለ የሚዞር ትንሽ ሞተር ገጠመለት።

«በጾም ሠርግ የለ፤ ምን ልታነሳ መጣህ?» አሉት ኦቦ በዳዳ።

«ያለ የማይመስል ነገር ነው፣ አባቴ።»

ደመና ባልነበረባቸው ዘጠኝ ሌሊቶች ሦስት መቶ ያህል ፎቶ አነሳ። ወደ መጨረሻው ሌንሱን የሚያስተካክለው በዓይኑ ሳይሆን ምልክት እንዲሆነው እላዩ ላይ የለጠፈውን ፕላስተር እየዳበሰ ነበር። ነፃነት አኮረፈችው። «በብርድ የምትሞተው ለምንድን ነው?» ስትለው ካሜራውን አንግቶ ወጣ።

ሚያዝያ ላይ ደካማው ብርሃን እንዲጠነክር ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ አንዱን ባንዱ ላይ ደራረባቸው። ቢያፈጥ፣ ቢጠጋ፣ ያው ግራጫ ነው። ልፋቱ ሁሉ ከንቱ መሰለው። ሊያጠፋው ሲል ነፃነት ከኋላው መጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ከትልቁ ኮከብ በላይ ያለው። መስታወት ላይ የተነፈሱበት ይመስላል።»

«እስቲ ጣትሽን አድርጊበት።»

አደረገች። ሊዮ አንድ ያለበት ትክክለኛው ቦታ ነበር። ሕሩይ ጣቷን አየ፤ ከጣቷ ሥር ግን ምንም አልታየውም።

«አይታይህም እንዴ?»

ያኔ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገራት። ነፃነት ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ከፋሲካ በኋላ ሊያነሳቸው የነበሩትን ሠርጎች ለሌላ ሰው አስተላለፈ። ነፃነት ፎቶውን አሳትማ ሳሎን ልትሰቅለው ስትል «ለማን?» አላት። እሷም መሥሪያ ቤቷ ወስዳ ጠረጴዛዋ ላይ ካለው መስታወት ሥር አስገባችው። አንዳንድ ባለጉዳይ ከኮከቡ በላይ ያለው ጭጋግ የመስታወቱ ቆሻሻ እየመሰለው በእጁ ሊጠርገው ይሞክራል።