በሽሎ አለ

ጉድ የሠራኝ የማሽላ አገዳ ሽታ ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ፣ አዳራሹ በር ላይ፣ ለመጪው ቅዳሜ የባህል ዝግጅት መድረክ ማስጌጫ ይሆናል ብለው አንድ ባጃጅ ሙሉ ማሽላ ከነአገዳው አምጥተው ግድግዳውን አስደግፈውት ነበር። ጠጋ ስል ያ አዲስ የተቆረጠ አገዳ ሽታ፣ ጣፈጥ ብሎ አቧራ አቧራ የሚለው፣ አንጀቴ ድረስ ወረደና በሩ ላይ አቆመኝ። የመጣሁት ለልምምድ ነው። ሰላም የምትባል የባህል ሠራተኛ፣ ደጋ ተወልዳ እዚህ የተመደበች ጨዋ ልጅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ተመላልሳ “አባባ፣ ያን የወንዞች ዘፈን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት ይላሉ” እያለች ለምናኛለች። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ደግሞ “ወንዞቻችን የሚወደሱበት ባህላዊ ዘፈን” ብላ አሳትማዋለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከጎረመስኩ ወዲያ ስለሆነ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኳት። ሳቄ መጣ፤ ሆዴም ባባ። ዘፈን አልነበረማ! ወንዝም አላወደስንበትም።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከኮኪት ከተማ ወዲያ የሚዘራው ማሽላ እንደ ዛሬው ድንክ አልነበረም፤ ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው ካልሆነ ዛላውን የሚያይለት የለም ይባል ነበር፣ ትንሽ ማጋነን ቢኖርበትም። በኅዳር ቆራጩ ከየደጋው ይወርዳል፤ በየመስመሩ ይገባና አሥር እርምጃ ሳይሄድ ማሽላው ይውጠዋል። ከዚያ ወዲያ ጎረቤትህ ይቁረጥ፣ ይተኛ፣ እባብ ይንደፈው፣ የምታውቅበት መንገድ የለህም። ስለዚህ የቆራጮቹ አለቃ አባቴ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ረፋድ ላይ፣ ለምሳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ማጭዱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እጁን አፉ ላይ እንደ ዋንጫ አድርጎ “ማን አለ? ከማሽላው ውስጥ ማን አለ?” እያለ በዜማ ይጣራል። ሰዉም በስሙ ሳይሆን ባገሩ ወንዝ ይመልሳል፤ አንድ ሜዳ ላይ አራት ካሳና ሦስት ሙሉጌታ ሊኖር ይችላል፣ ወንዝ ግን አይሳሳትም።

“አባይ አለ!” ይላል ጎጃሜው አያ ቢረሳው፣ ወንዙን አባቱ የቆፈረው ይመስል። “ተከዜ አለ!” ይላል ሌላው፤ “አንገረብ አለ!” ይላል የአርማጭሆው ሰው። “ጓንግ አለ!” የምለው እኔ ነኝ፣ የራሴ መስመርና የራሴ ማጭድ ያለኝ፣ ድምፄ ገና የጫጩት ቢሆንም። የመጨረሻው ሁልጊዜ በሽሎ ነው። እሱ የወሎው ሰይድ ነው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገሩ ሁሉ ዝግ ያለ። እሱ እስኪመልስ ድረስ አባቴ ዝም ይላል፤ አባቴ ዝም ሲል ሁሉም ዝም ይላል፤ ማጭድ የሚያነሳ የለም፤ የሚሰማው የቅጠሉ መንኮሻኮሽና የወፍ ጫጫታ ብቻ ነው። አያ ቢረሳው ግን አያስችለውም። “ኧረ በሽሎ ደረቀ መሰል! ጸሎት ይያዝለት!” ይላል፤ ማሽላው ከዳር እስከ ዳር በሳቅ ይንሿሿል። ይሄኔ ከወዲያ “በሽሎ… አለ” የሚል፣ መሐሉ ላይ ቁጭ ብሎ አርፎ የተነሳ የሚመስል ድምፅ ይመጣል። “ምን ያስቸኩላችኋል? ወንዝ ተጠርቶ ሲሮጥ አይታችኋል?” ይላል ደግሞ።

እኔ ያን ድምፅ ተማርኩት። ማታ ራኩባ ከምንላት የሣር ጥላ ስር ተቀምጠን አንዱን ካንዱ እየለየሁ የሁሉንም ድምፅ አስመስል ነበር፤ የበሽሎ ተራ ሲደርስ ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው ራሱ ሰይድ ነው። “ድምፄን ወሰድኸው እኮ፣ አንተ ልጅ፣ ስሄድ መልስልኝ” ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን፣ ቆላ ሰው የሚያቃጥልበት ቀን፣ አባቴ ለምሳ ተጣራ። አባይ አለ፣ ተከዜ አለ፣ አንገረብ አለ፣ ጓንግ አለ። በሽሎ ዝም። አያ ቢረሳው ቀለደ፣ ተሳቀ፣ ዝም። ከራኩባው የባሚያ ወጥ ሽታ እየመጣ ሆዴን ያላውሰዋል፤ አባቴ ደግሞ እሱ ካልመለሰ እንደማይንቀሳቀስ አውቃለሁ። አፌን ወደ አገዳው አዙሬ “በሽሎ… አለ” አልኩ።

“እሰይ!” አለ አባቴ። ገባንና በላን። የሰይድ ድርሻ ተከደነ፤ “ሶላት ላይ ይሆናል” ተባለ። የከደኑለት ምግብ ዝንብ ሲወረው ፍለጋ ወጡ። ከረፋዱ ጥሪ ወዲያ አንድ ሸክም እንኳ ሳይቆርጥ ወድቆ አገኙት፤ ከምሳው ጥሪ በፊት እንደወደቀ ከዚያ ታወቀ። ንዳድ ይሁን ፀሐይ ማንም አላወቀም። ይተነፍሳል፣ አይናገርም። የትራክተሩ ተጎታች ላይ ጭነውት ወደ ኮኪት ሲሄዱ መንገድ ላይ ዓረፈ፤ ቀብሩም እዚያው ሆነ፣ ከበሽሎ ስንት ቀን መንገድ ርቆ።

ታዲያ በምሳ ሰዓት ማን መለሰ? ሰው ሁሉ ሰምቷል። ወሬው “ነፍሱ ናት የመለሰችው” ሆነና ዛሬም ድረስ እንደ ተረት ይወራል፤ ሰላምም ሰምታዋለች። አባቴ ግን እንደ ተረት አልያዘውም። “ጆሮዬ ከዳኝ” አለ። በማግስቱ አልተጣራም፤ የትራክተር ብረት አንጠልጥሎ ይደበድብ ጀመር፣ በሁለተኛው ዓመት አለቅነቱንም ተወ። ከዚያ ወዲያ ሰው ከደጅ “ቤቶች!” ቢለው እንኳ አይመልስም፤ መጀመሪያ ወጥቶ በዓይኑ ያያል። እናቴ ስትጠራው ወጥቶ ያያል። እኔ ስጠራው ወጥቶ ያያል። መጀመሪያ አለንጋውን ፈርቼ፣ ቀጥሎ አፍሬ፣ ሳልነግረው እሱም ዓረፈ።

ወደ ልምምዱ ልመለስ። ወጣቶቹ ደስ ይላሉ፣ ጥለት ያለው ልብስ ለብሰዋል። “ማን አለ?” ስል ግን አባዩም ተከዜውም ባንድ አፍ፣ በከበሮ፣ ሳልጨርስ ይመልሱልኛል። በሽሎ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከበሮ መቺው ግራ ገብቶት ሰላምን አያት። ሰላም መጥታ ክንዴን ያዝ አደረገችና “አባባ፣ ይቺን የበሽሎን እርስዎ ራስዎ ይበሉልን፣ ቤት ሆነው እንዳሳዩኝ” አለች። “ዝም ሲባል እኮ ማይኩ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ደግሞ የተሰጠን አራት ደቂቃ ነው።”

“አልልም።”

“ምነው አባባ? አምሮብዎት ነበር እኮ!”

“አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ይበቃል።”

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ልጂቱ ምን ታድርግ። አሁን ማሽላው ከወገብ አያልፍም፣ በብዙ ቦታ መኪና ያጭደዋል፤ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ የሚወርደው ቆራጭ ሳስቷል፤ ሰው ሲጠፋ “ስልኩ ጥሪ አይቀበልም” ይባልና ወደ ምሳ ይገባል። አንድ ሰው እስኪመልስ ድረስ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ማጭዱን አውርዶ ሲጠብቅ ያየሁ ምናልባት እኔ ነኝ የቀረሁት። ያንንም ያበላሸሁት እኔው ነኝ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ካልኩ አልኩ ነው። እጣራለሁ፤ በሽሎ ጋ ስደርስ እቆማለሁ፤ ማይኩን ቢዘጉትም ይዝጉት፣ ያለ ማይክ ነው ያደግሁት። ከዚያ ከመውረዴ በፊት ለሕዝቡ አንዲት ነገር እናገራለሁ፦ ያን ቀን አባቴ የሰማው የኔን ድምፅ ነው፤ ጆሮው ደህና ነበር።