ዌንደልና የሙታን ምድብ

ዌንደል ቀን ሚልዋኪ ውስጥ ፖስታ ያድላል፤ ቅዳሜ ደግሞ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን በአንዲት አሻንጉሊት ተወክለን በምንጫወተው የምናብ ጨዋታ ደንብ አውጪ ሆኖ ጭራቆችን ይመድባል፦ አውሬ፣ ዘንዶ፣ ሙት። ከምደባው ንቅንቅ አይልም፤ ግትር!

አብሮን ይጫወት የነበረው ማርሊን ሲሞትብን፣ ዌንደል ከፍቅር ብዛት "መንፈስ ሆኖ ይርዳችሁ" ብሎ የማርሊንን አሻንጉሊት ጠረጴዛው ላይ መለሳት። የማርሊን ሚስት ሎርና በደስታ አለቀሰች። እሷ በጨዋታው መነኩሲት ናት፤ መስቀሏን ስታነሳ ሙታን በሙሉ ሸሽተው ከጠረጴዛው ይወርዳሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ከመቃብር የወጡ አጽሞች ከበቡን።

"አንሺው እንጂ ሎርና፣ አለቅን እኮ!" አልኳት።

"ማርሊንስ?"

"እሱም ሙት ነው፤ ይሸሻል" አለ ዌንደል አንገቱን ደፍቶ።

"ደንቡን የምታወጣው አንተ አይደለህ እንዴ? አስቀረው!" ብዬ ጮህኩበት።

"ምን ላድርግ? ሙት ነው።"

ሎርና "መስቀሌን አነሳሁ" አለች፤ ዳንን። የማርሊንን አሻንጉሊት ከጠረጴዛው ላይ የሚያወርድ ግን ጠፋ።