ከምድጃው በላይ የሰቀልኩት ዘር

ጊደር መጋላ ገበያ አኩሪ አተር በጆንያ ባየሁ ቁጥር እጄ ሳያስፈቅደኝ ዘሎ ይገባል። እፍኝ ዘግኜ አሸታለሁ። ነጋዴው «እማማ፣ ሽቶ አይደለም እኮ!» ይለኛል። ምን ያውቃል እሱ! እኔ የምፈልገው የጭስ ሽታ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ከከተማው ቅጥር፣ ከኤረር በር ወጣ ብሎ፣ ቁልቁል ቆላው ላይ፣ ማሽላ የሚዘራበት ማሳ ነበረው። አንድ ዓመት አንድ የእርሻ ባለሙያ መጥቶ ይህን ክብ ቢጫ እህል ለአባቴና ጋራው ላይ ለሚያርሱ ወዳጁ እኩል አካፈላቸው። ዘሩ አንድ፣ የተዘራበት ወር አንድ። የእኛ ሦስት ጆንያ ወጣው፤ የእሳቸው ብርዱ ላይ አንድ እንኳ አልሞላም። ሲወቃ የገለባው ብናኝ ፀሐይ ላይ ሲንሳፈፍ፣ የደረቀው ቅርፊት ጠሽ ጠሽ ሲል አሁንም ይሰማኛል።

«ወላሂ፣ ይሄ መሬትህ አንድ ነገር አለው!» ይሉ ነበር ወዳጁ።

አባቴ ደረቱን ነፍቶ፣ «ለከርሞ ከእኔ ዘር ትወስዳለህ» ይላቸዋል። ማሽላውን ትቶ ማሳውን በሙሉ አኩሪ አተር ሊዘራበት ቆረጠ። የዓመት ቀለባችን እዚያ ላይ ነበር።

እናቴ ሞታ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝና ዘሩን ማቆየትም የእኔ ሥራ ሆነ። እናቴ የማሽላ ዘር ስታቆይ አይቻለሁ፤ ዛላውን ከምድጃው በላይ፣ ጭስ የሚደርስበት ትሰቅለዋለች፤ ነቀዝ አይደፍረውም። እኔም አኩሪ አተሩን በከረጢት አድርጌ እዚያው ሰቀልኩት። በጋውን ሙሉ እሳቱን አበረታሁለት፣ ይበልጥ ደህና እንዲሆን ብዬ! አይ ሞኝነቴ።

ዝናቡ ጣለ፣ ተዘራ። አባቴ ጠዋት ጠዋት እየሄደ አፈሩን በጣቱ ይጭር ነበር። አንድም አልበቀለም። ወዳጁ ከእኛ ዘር ወስደው ጋራው ላይ የዘሩትም እንዲሁ ቀረ። ባለሙያው መጥቶ ሦስቱ ማሳው ዳር ቆመው ሲነጋገሩ ከሩቅ አየኋቸው። አባቴ ቤት ሲገባ «መሬቱ ዘንድሮ አኮረፈ» ብቻ አለኝ። ለሰፈራችን ለአቦከር ሰውም ይህንኑ ነገረ። ሳቁበት። ያን ዓመት ዘመድ እህል እየሰፈረልን ከረምን፤ እኔ መሬቱን ስረግም ኖርኩ።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ወዳጁ ሸምግለው፣ ምርኩዝ ይዘው ለቅሶ ደረሱ። ጨዋታ ሲነሳ፣ «ያ መሬት አባቴን አዋረደው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሬቱ ምን አደረገ፣ ልጄ? ባለሙያው ከተረፈው ዘር ዘግኖ አሸተተና፣ ‹ሙቀት ገድሎታል፤ እሳት ላይ የሰቀለው ማነው?› አለ። አባትሽ ‹እኔ ነኝ› አለ። ኋላ ክንዴን ይዞ፣ ‹እናት የላትም፤ ይህን እንዳትሰማ› ብሎ አስማለኝ። አላህ ይርሐመው፣ እስከ ዛሬ አልተነፈስኩም።»

ያኔ፣ ዘሩ ከቀረ በኋላም፣ ክረምቱን ሙሉ እሳት የማነደው እኔ ነበርኩ። አባቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እጁን እየሞቀ፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እሳት ታውቂበታለሽ» ይለኝ ነበር።