የሲጋራ ወረቀትና የብረት ጠርዝ

ትክክለኛ ሥራ ትክክለኛ መሣሪያ ይፈልጋል ይላሉ። አይፈልግም። እኔ እጅግ ትክክለኛ መሣሪያ ይዤ ብረት አበላሽቻለሁ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከአንድ ፍሬ ሲጋራ ላይ በተላጠች ወረቀት የብረትን ጠርዝ ሲያገኙ ለዓመታት አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ።

ቤቴ ሰበታ ነው። ከግቢው ጥግ፣ ለመኪና ተብሎ ተሠርቶ መኪና ገብቶበት በማያውቅ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ፍሬዛ ቆሟል። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ይታሰራል፣ ከላይ የሚሽከረከር መቁረጫ ይወርድበታል፤ ሥራው ይኸው ነው። ከተዘጋ ወርክሾፕ ገዝቼ በጭነት መኪና ሳስመጣው ሰፈሩ ወጥቶ አየ። ጎረቤቶቼ ብዙም አልተገረሙም። መጽሐፍ ማንበብና መጻፍ የሚያበዛ ሰው መጨረሻው እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሆን ድሮም ይጠረጥሩ ነበር።

የፍሬዛ ትልቁ ችግር መቁረጥ አይደለም። ማሽኑ ብረቱ የት እንደሚጀምር አያውቅም። ከጠርዙ አርባ ሚሊሜትር ገብቶ እንዲበሳ ከፈለግህ፣ መጀመሪያ ጠርዙ የት እንዳለ አንተ ልትነግረው ይገባል። በዓይን ገምቶ «እዚህ ጋ» ማለት አይሆንም፤ ዓይን ለብረት ሥራ ሲበዛ ቸር ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ ልክ ሆኖ ሥራው ግን ስህተት ይሆናል። ከብረት ውጭም እንዲህ የሆኑ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ነገሩን ወደዚያ አልወስደውም።

ይህን ያስተማሩኝ ሁለት ቤት አልፎ ይኖሩ የነበሩ ጎረቤቴ ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር፣ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። በወጣትነታቸው ከደቡብ መጥተው፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ጸጉራቸውን ያሸበቱ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው ጠዋት ጠዋት ወደ እኔ ይመጣሉ። ማሽኑን ሳይነኩ በፊት በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ እንደ በሬ። ያ ቱታ የሚሸተው የማሽን ዘይትና የልብስ ሳሙና ነበር። ዛሬም የዘይት ቆርቆሮ ስከፍት የሚመጡብኝ እሳቸው ናቸው።

ዘዴያቸው እንዲህ ነበር። ከሱቅ አንድ ፍሬ ሲጋራ ይገዛሉ፣ ትምባሆውን ያራግፋሉ፣ ከወረቀቷ ጥፍር የምታህል ቆርጠው በዘይት አርሰው ብረቱ ጎን ላይ ይለጥፏታል። መቁረጫው ይሽከረከራል። ጠረጴዛውን በእጀታው ቀስ፣ ቀስ እያሉ ያስጠጋሉ። ምንም አይሆንም፣ ምንም አይሆንም፣ ከዚያ ወረቀቷ ከቦታዋ ትነጠቃለች።

«በቃ» ይላሉ። «አሁን ከብረቱ የለየህ የወረቀቷ ውፍረት ነው። እሷን ቁጠር፣ የመቁረጫውን ወርድ ግማሽ ቁጠር። ያን ያህል ስትገፋ መሐሉ ልክ ጠርዙ ላይ ይቆማል።»

እኔ ግማሹን እረሳለሁ። «ግማሹን ትተኸዋል» ይሉኛል። «መቁረጫው ወገብ እንዳለው ትረሳለህ። ስትጽፍም እንዲህ ነህ?»

«ሌላ ወረቀት አይሆንም ወይ ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

«ሌላው ወፍራም ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ቅጠል ስስ ነበር፤ እሱን ግን አንተ ቅደድ፣ እኔ አልቀድም።»

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጋሼ ጴንጤ ናቸው፣ ያውም የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። ሲጋራ ሲገዙ መታየታቸው ቶሎ ተሰማ፤ ሦስት ሰዎችም ሊጸልዩላቸው ቤታቸው መጡ። ጋሼ አልተከራከሩም። ሦስቱንም እየመሩ ወደ እኔ አመጧቸውና ወረቀቷ ስትነጠቅ አሳዩአቸው። ሁለቱ አፍረው ሳቁ። ሦስተኛው፣ ጠንቃቃ ሰው፣ ቆይቶ «ትምባሆውስ የት ይሄዳል?» አለ።

«ለማዶው ግቢ ዘበኛ ነው የምሰጠው።»

«እንግዲያው ለዘበኛው እንጸልይ» አለና ጸለዩለት። ዘበኛው እስካሁን ያጨሳል።

ከጊዜ በኋላ የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። ከዚያ ወዲህ እጀታውን የማዞረው እኔ ሆንኩ፤ እሳቸው አጠገቤ ቆመው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ሥራው ግን ይመጣ የነበረው በእሳቸው ስም ነው። ከሰበታ እስከ ተፍኪ፣ ዕቃ የተሰበረበት ሰው «እሳቸው ጋ ውሰደው» ይባላል። ፋብሪካው ከሰጣቸው ሁሉ የቀራቸው ያ ስም ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል።

አንድ ቀን ከተፍኪ አንድ ባለወፍጮ መጡ፣ የጋሼ እኩያ የሆኑ ሰው። የወፍጮው የኩሽኔታ ቤት፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ አቅፎ የሚይዘው ጊዛ፣ ቀልጦ የተቀዳ ብረት፣ ተሰንጥቆባቸዋል። ቡራዩ ካለ ማቅለጫ ቤት አዲስ አስቀድተው በማዳበሪያ ጠቅልለው ይዘውታል። ትልቁን ቀዳዳና አራቱን የብሎን ቀዳዳዎች መብሳት የእኛ ፋንታ ነው። አዝመራ ገብቶ ወፍጮው ቆሟል።

በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ ኦቦ» ተባባሉ፤ ኦቦ አቶ እንደ ማለት ነው። ባለወፍጮው እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «ይኼ ልጅ ጸሐፊ ነው አሉኝ።» ሃምሳ ዓመት አልፎኛል።

«ጸሐፊ ነው» አሉ ጋሼ። «ሲነግሩት ግን ይሰማል።»

«ብረቱ አንድ ነው፣ ኦቦ» አሉ ባለወፍጮው። «ቢበላሽ ሌላ የለኝም።»

«አየሁት። የሱ እጅ የኔ እጅ ነው።»

ቅዳሜ ጋሼ ለቅሶ ለመድረስ ሱሉልታ ሄዱ። ሲወጡ «እስክመጣ አትንካው» አሉኝ። ሲነግሩኝ የምሰማ ሰው ነኝ ተብዬ ነበርና፣ ነካሁት።

አዲስ መሣሪያ ነበረኝ፣ አንድ ነጋዴ ከዱባይ ያመጣልኝ። ጫፏ ላይ ኳስ አላት፤ ኳሷ ብረት ስትነካ ቀይ መብራት ይበራል። ወረቀት የለ፣ ዘይት የለ። ጋሼ ሲመለሱ ሥራው አልቆ አግኝተው ይደነቁ እንደሆነ እያሰብኩ አስጠጋሁ። መብራቷ አልበራችም። ጥቂት ገፋሁ። አልበራችም። ባትሪው መሰለኝ፣ አውጥቼ መለስኩት። ደግሞ ገፋሁ፣ በራች። ያንን ጠርዝ ብዬ ያዝኩና ከምሳ በፊት አምስቱንም ቀዳዳ ጨረስኩ። ለራሴ ሻይ አፈላሁ።

ጋሼ የለቅሶ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ነው የገቡት፤ ጫማቸው ጭቃ ነበር። የጊዛውን ጠርዝ በጥፍራቸው ጫሩት። ከጥፍራቸው ሥር ብርማ ቀለም ወጣ።

እኛ አገር ዕቃ ቀለም ሳይቀባ አይረከብም። በር ይቀባል፣ ምድጃ ይቀባል፤ ማቅለጫ ቤቱም ደንበኛው ጥቁር ጊዛ ሲያይ እንዳይከፋው ብርማ ቀለም አልብሶ ይሰጣል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

«መብራቷ ወዲያው በራች?» አሉኝ።

«ትንሽ ቆይታ።»

«ቀለሙን እስክትፍቀው ነዋ የቆየችው። አንተ ትገፋለህ፣ እሷ ሞላ ስላላት ትጎብጥልሃለች። ወረቀት ቢሆን ቀለም ይሁን ብረት ግድ የላትም፤ ደረስክ ብላ ትሄዳለች።»

በካሊፐር ለካነው። ከአንድ ሚሊሜትር በላይ አልፌያለሁ። ለመጻፍ ምንም አይደለም፣ ለወፍጮ ዘንግ ግን ብዙ ነው፤ ዘንጉ ይጣመማል፣ ኩሽኔታው ይበላል። ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ባለወፍጮው መጡ። ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። አፌን ሳልከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

«ኦቦ፣ ተበላሽቷል። ጠርዙን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዓይኔም እጄም ደክሟል።»

«ጋሼ» አልኩ። እግሬን ረገጡኝ፣ በዚያ የፋብሪካ ጫማቸው። ዝም አልኩ። እንዲህ ዝም ስል ያመመኝ እግሬ ብቻ ነበር ብል በወደድኩ።

ባለወፍጮው የጋሼን እጅ አዩ። ጋሼ ሊደብቁት አልሞከሩም። «ረኮ ህንቀቡ» አሉ ባለወፍጮው። ችግር የለውም ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን አብሮ አልመጣም።

ሁለተኛውን ጊዛ ከቡራዩ እኔው ራሴ አስቀድቼ አመጣሁ። ቀለሙን ፋቅን፣ ወረቀቷን ለጠፍን። እጀታውን እያዞርኩ ሳለ ጋሼ «አሁን» አሉ፤ ካሉ በኋላ ነው ወረቀቷ የሄደችው። ምን ሰምተው እንዳወቁ እስከዛሬ አላውቅም። ሥራው ልክ ገባ፣ ወፍጮው ዞረ። ሰው የሚያስታውሰው ግን ልክ የገባውን አይደለም። ባለወፍጮው ክፉ አልተናገሩም፤ «ኦቦ ደከሙ፣ ያሳዝናል፣ ደግ ሰው ነበሩ» ብቻ አሉ። ክፉ ቢናገሩ የሚከራከራቸው ይገኝ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ከተፍኪ መንገድ የሚመጣ ሥራ ቆመ፣ ቀጥሎም ከሰበታ።

«ለምን እንዲያ አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተ ገና ልትሠራ ነው፣ እኔ ጨርሻለሁ። ደግሞ ጸሐፊ ነህ፤ ሌላ የሚያምንህ ሰው ከየት ታመጣለህ?»

እሺ ብዬ ሳቅሁ። ነገር ግን አልጨረሱም ነበር። አሁን ኮዬ ፈጬ ከልጃቸው ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እዚያ ሚስማር ስትመታ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። በሄድኩ ቁጥር ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ፍሬዛው ይጠይቁኛል። ከዚያ በረንዳው ላይ ወደ ታች እያዩ፣ የማይመለከታቸው ነገር አስመስለው፣ «ከተፍኪ ሰው መጣ እንዴ?» ይላሉ። አልመጣም እላቸዋለሁ። «አይ፣ እንዲያው ነው» ይላሉ።

ባለፈው ወር ሚኒባስ ይዤ ተፍኪ ሄድኩ። ባለወፍጮው ዱቄት ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መብራቷን፣ ቀለሙን፣ የተረገጠውን እግሬን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

«ያሳደጉህ ይባረኩ» አሉኝ። «የሽማግሌ ጥፋት መሸከም የጨዋ ልጅ ነው።»

«አባቴ ይሙት፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አየህ፣ እንዲህ ነው የሚባለው» አሉ፣ ወደ እህል አስፈጪዎቹ ዞረው። ሴቶቹ መረቁኝ። በማልኩ ቁጥር ጨዋነቴ ጨመረ። ለታላቅ ብሎ ጥፋት መውሰድ እንዲህ የተለመደ ስለሆነ፣ እውነቱን ስናገር እንደ ትሕትና ተቆጠረልኝ። ጋሼ ግን ታላቅ ሆነው ለታናሽ ስለዋሹ ማንም አልጠረጠራቸውም። ከተፍኪ የተመለስኩት ስሜ ከፍ ብሎ ነው፤ የእሳቸው እዚያው እንዳለ።

ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። በተፍኪ የምታልፉ ከሆነ ውረዱ፣ ወፍጮ ቤቱ ግቡና ብረቱን ያበላሸው ጸሐፊው ነው፣ ሽማግሌው አይደሉም በሏቸው። እኔን አላመኑኝም። ይህን እያነበባችሁ ከማዘን ሄዳችሁ ንገሩልኝ።